ባሕር የተፋው ቃል

ውሃው በተንተከተከ ቁጥር እኔም አብሬው እንተከተካለሁ። አራስ የማጥብ እኔ ነኝ። በመንደራችን የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ሁሉ በእጄ ሳታልፍ ደጅ አትወጣም። ቅጠል የተቀቀለበትን ውሃ፣ ቆዳ ሊልጥ ጥቂት ሲቀረው፣ በመዳፌ እየዘገንኩ እረጫታለሁ። በኮኮናት ዘይትና በእርድ አሻታለሁ። እሷ ትጮኻለች፣ እኔም እጮኽባታለሁ። ያን ሰሞን ግን የእህቴን ልጅ ዲሎንግን ሳጥብ እጄ ውሃው ላይ፣ ጆሮዬ በሩ ላይ፣ ልቤ ደግሞ ባሏ በሚሠራባት መርከብ ላይ ነበር። አንድ ቦታ መርጋት አቃተኝ።

"ኧረ አክስቴ፣ አቃጠልሽኝ!"

"ዝም በይ! ስታረግዢ አማክረሽኛል እንዴ?"

ቀልዱ የአፌ ብቻ ነው። ቅዳሜ ዲሎንግ እርድ ተቀብታ፣ የሣር ግልድም አገልድማ፣ እግሯ አፈር ሳይነካ በሰሌን ላይ እየተራመደች ወጥታ መንደሩ ፊት መቆም አለባት። በአንዱ ወገን የሚስት ዘመዶች ይቀመጣሉ፣ በሌላው የባል ዘመዶች። የሚስት ወገን ምግብ ያቀርባል። የባል እህቶችና አክስቶች ደግሞ እየጨፈሩ መጥተው ዶቃ ያስረክባሉ፣ ሕፃኗንም "የእኛም ናት" ይላሉ። ጎደሬ ወደዚያ ይሄዳል፣ ዶቃ ወደዚህ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ደሴታችን ፓላው ላይ አልተወለደም። የዲሎንግ ባል ግን ፓላው ላይ አልተወለደም።

አልፍዮስ ይባላል፤ ኢንዶኔዥያዊ ነው። ከቢቱንግ ወደብ የመርከብ ሞተር እየጠገነ መጥቶ ኮሮር ከተማ ላይ ከዲሎንግ ጋር ተገናኘ። እናቱ ሞታለች። እህት የለውም። ያለው አንድ ወንድም በየትኛው ባሕር ላይ እንደሚንከራተት እግዜር ይወቅ። ልጁን እወደዋለሁ፤ ዝምተኛ ነው፣ የጀልባዬን ሞተር ሳልጠይቀው ፈታትቶ ሠርቶልኛል። ግን ሞተር መጠገን ሌላ፣ ወገን ማቆም ሌላ።

ሐሙስ ጠዋት እህቴ ሂላሪያ እንፋሎቱን እየገፋች ገባች። የዲሎንግ እናት፣ የቤታችን ታላቅ ሴት ናት። የቤታችን ሹም ማን እንደሚሆን እንኳ የእሷ ቃል ነው የሚቆርጠው። ወገቧን ይዛ ቆመች።

"ኤቢል፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ቅዳሜ በወዲያኛው ሰሌን ላይ ማን ሊቀመጥ ነው?"

"አልፍዮስ አለ፣ እትዬ።"

"አልፍዮስ የእህት ጭፈራ ይጨፍር? ባትቀልጂብኝ ምናለ?"

"ፊሊፒኖዎቹ ጎረቤቶች እንመጣለን ብለዋል።"

"ጎረቤት ወገን አይሆንም። እኔ ልጄን ባዶ ሰሌን ፊት አላቆምም። ታጥባ ስታበቃ ልብሷን ትልበስና በጓሮ ትግባ።"

ዲሎንግ ውሃው እየተንጠባጠበባት ብድግ አለች። "እንደ ሌባ በጓሮ? እኔ? አልፍዮስን አባት ብላችሁ ካልተቀበላችሁት ምን አለኝ እዚህ! ልጄን አዝዬ ከእሱ ጋር መርከብ ላይ እወጣለሁ።"

"ውጪ! ባሕር ላይ የሚያጥብሽን እናያለን!" አለች ሂላሪያ። እህቴ ስትፈራ ነው እንዲህ የምትጮኸው። እኔም እንደዚያው ነኝ፤ እናታችን ያወረሰችን እሱን ነው።

አልፍዮስ በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ቆቡን በእጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

"እትዬ ሂላሪያ፣ ልጅዎ በእኔ ምክንያት እንድታፍር አልፈልግም" አለ። "ካፒቴኑ ቅዳሜ ባሕሩ ሲሞላ እንነሳለን ብሎኛል። ብቻዬን እሄዳለሁ። እሷ አራስ ናት፣ የትም አትሄድም። በእኛ አገር መርከበኛ የመርከብ ልጅ ነው የሚባለው፤ ወደ እናቱ ተመለሰ በሉ።"

"የመርከብ ልጅ ከሆንክማ መርከቧ ትምጣና ትጨፍርልህ!" አለችው ሂላሪያ።

ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው። ዲሎንግ ፊቷን በፎጣ ሸፍና ታለቅስ ጀመር። እኔ እሳቱን ረግጬ አጠፋሁትና መልሼ ለኮስኩት። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ወንድማችን ኦባክ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያኝከውን ፍሬ ከኖራ ጋር በቅጠል ይጠቀልላል፤ አልፍዮስ ደግሞ ሕፃኗን ታቅፎ ይወዛወዛል። እነዚህ ሁለቱ ከተዋወቁ ጀምሮ ጨዋታቸው አንድ ነው። ኦባክ የእኛን ቃል ይጠራል፣ አልፍዮስ የራሱን ይመልሳል፣ ሲገጥም ሁለቱም እንደ ልጅ ይስቃሉ። በዚያን ቀን ጨዋታው እንዲሁ የአፍ ነበር፤ ልባቸው እዚያ አልነበረም።

"ድንጋይ። ባድ" አለ ኦባክ።

"ባቱ።"

"ዓሣ። ንጊከል።"

"ኢካን።"

"አየህ? ከአንድ ታንኳ የወረዱ ናቸው። አያቶቻችን በአንድ ታንኳ ተሳፍረው፣ አንዱ እዚያ ወረደ፣ አንዱ እዚህ። ቃሉም አብሮ ወረደ። እዚህ 'ንግ' የሚል አፍንጫ አወጣ፣ እዚያ ሳያወጣ ቀረ።"

ሕፃኗ አለቀሰች። አልፍዮስ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ "እሽሽ፣ አናክ፣ አናክ" አላት።

ጎደሬ የምልጥበት ቢላ ከእጄ ወደቀ።

"ምን አልካት?"

"ልጄ ማለቴ ነው፣ አክስቴ። በእኛ ልጅ አናክ ነው የሚባለው። ለሁሉም እንለዋለን። የደረጃ እርከን የመሰላል ልጅ ነው፣ ቁልፍ የጓጉንቸር ልጅ ነው፣ ፍላጻም የቀስት ልጅ ነው።" ሕፃኗን ወደ ደረቱ አስጠጋና፣ "እናት ያለው ነገር ሁሉ አናክ ነው" አለ።

እኛ ልጅን ንጋለክ እንላለን። መንደሩ በሙሉ ንጋለክ ይላል፣ አገሩ በሙሉ ንጋለክ ይላል። አንድ ቤት ብቻ፣ ወደ ጀልባ ማረፊያው የሚወርደው መንገድ ዳር ያለው የእነዲራይ ቤት፣ ሕፃን ሲያባብሉ አናክ ይላሉ። ትምህርት ቤት ሳለን የእነሱ ቤት ልጆች ምላሳቸው የተነከሰ ነው እያልን እንሳለቅባቸው ነበር። አሁንም የመንደሩ ሰው ይህን ቀልድ አልተወውም።

"ኦባክ" አልኩት፣ "የእነዲራይ ቤት የጥንቷ ሴትዮ ከወዴት ነበር የመጣችው?"

ወንድሜ ማኘኩን አቆመ። ነገሩ የገባው እኔ ሳልጨርስ ነው። "ከምዕራብ" አለ ቀስ ብሎ። "እርጉዝ ሆና፣ በተሰበረ ታንኳ። እዚያ ማረፊያ ላይ ባሕር ተፋት። የዚያ ቤት ሰዎች አስገቧት፣ እዚያው ወለደች። የምዕራብ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ወንድሞቼ ይመጣሉ እያለች ማረፊያው ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር ይባላል፤ ከአያቶቻችን አያቶች በፊት።"

ባሕር የተፋቸው። እስከ ዛሬ የምንጠራቸው እንደዚያ ነው። በቤቱ የቀሩት ዲራይና ዓይነ ስውር እናቷ ብቻ ናቸው። ለአልፍዮስ ወገን ሊሆን የሚችል ቤት ቢኖር ግን ያ ብቻ ነበር።

እግሬ አላርፍ አለ። ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው። ዲራይ! ከሴት ሁሉ እሷ ትምጣብኝ! የጎደሬ ማሳዬን ውሃ ወደ ራሷ ቦይ የገለበጠች ሴት ናት። ለመንደሩ ስነግርባት ደግሞ፣ "ኤቢል የፈላ ውሃ አላት፣ ቀዝቃዛው ለእኛ ይሁን" ብላ አሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንኳ ፊቴን አዞርባታለሁ። ግን ዲሎንግ ቤት ውስጥ ሆና ስታለቅስ ይሰማኛል፣ አልፍዮስም ካልሲዎቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ቦርሳው ውስጥ ሲከት ይታየኛል።

ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ የተጣሉት ሰው ቤት ደግሞ ይብሳል። የተቀቀለ ጎደሬና የተጠበሰ ዓሣ በሙዝ ቅጠል ጠቀለልኩና በዝናቡ ወጣሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ። መንገድ ላይ ተመለስኩ፣ ደግሞ ዞርኩ፣ ደግሞ ተመለስኩ። ጭቃው ነጠላ ጫማዬን ጎትቶ አስቀረው። እያጉረመረምኩ በባዶ እግሬ ደረስኩ።

ዲራይ በረንዳዋ ላይ ሰሌን እየሠራች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"ኤቢል ነሽ ወይስ ዓይኔ ነው? ውሃሽን ፍለጋ መጣሽ?"

"ውሃዬንማ ጎደሬሽ ጠጥቶታል።"

"ጠጥቶ አላመሰገነሽም? ባለጌ ጎደሬ። ቁጭ በይ።"

አልተቀመጥኩም። ጥቅሉን አጠገቧ አኖርኩትና ቆሜ፣ "ልጅ ስታባብሉ አናክ የምትሉት ነገር" ብዬ ጀመርኩ።

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። "እሱን ልትሳለቂ ነው በዝናብ የመጣሽው?"

"አልሳለቅም። የዲሎንግ ባል ልጁን በዚያ ነው የሚጠራት። በአገሩ ቃሉ እሱ ነው። ልጅ ማለት ነው።"

እጇ ሰሌኑ ላይ ቆመ። ከውስጥ የእናቷ የእማማ ፉሚኮ ድምፅ መጣ። ደሴቶቻችን በጃፓን ሥር ሳሉ የተወለደች አሮጊት ናት፤ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፣ ጆሮዋ ግን ዓሣ ሲተነፍስ ይሰማል።

"ማነው እሱ? ከየት ነው?"

"ከምዕራብ ነው፣ እማማ" አልኩ።

'ለአልፍዮስ እህት ሁኚለት' ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን የእግሬን ጭቃ በበረንዳዋ ጠርዝ እጠርግ ጀመር። ዲራይ በመሃሉ ጥቅሉን ፈታች። ጎደሬውን አየች፣ ዓሣውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"ምን ያስቅሻል?"

"ምግብ አመጣሽልኝ።"

"እና? ሰው ቤት ባዶ እጄን ልምጣ?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ ሰው ቤት ፍሬና ኖራ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ሌላ ጊዜ ሳሙና ይዘሽ ትሄጃለሽ። ለዲሎንግ ልትቆሚ ሁለት ሌሊት ሲቀርሽ፣ የሚስት ወገን ሆነሽ፣ ጎደሬና ዓሣ ተሸክመሽ ወደ ማን ቤት ነው የምትሄጂው?"

ስንት አራስ አጥቤ፣ ስንት ሰሌን አስነጥፌ! የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ ይህን አይስትም። በገዛ እግሬ፣ በገዛ እጄ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ የባል ወገን ብዬ ምግብ አድርሻታለሁ። እጄን ዘርግቼ ጥቅሉን ልነጥቅ ስል ዲራይ ቀደመችኝና ከጎደሬው ገመጠች። ዓይን ዓይኔን እያየች አኘከች።

"በላሁት" አለች።

"ለእኔም አምጪልኝ እንጂ" አለች ፉሚኮ ከውስጥ። "የባል ወገን ተርቧል።"

እዚያው በደስታ ልስቅ ዳድቶኝ ነበር፤ ዲራይ ግን ፊቷን አጨማደደች። "መብላቴን በላሁ። እመጣለሁ ግን አላልኩም። ዕድሜ ልካችንን ባሕር የተፋቸው ስትሉን ኖራችሁ፣ ቅዳሜ ሲቸግራችሁ ወገን? ሂላሪያ ቤት ቆሜ ሊሳቅብኝ? አስብበታለሁ።"

"ውሃውንም ውሰጂው" አልኳት ተስፋ ቆርጬ።

"ወስጄዋለሁ እኮ።"

ቤት ስደርስ ለሂላሪያ ነገርኳት። ከነገርኳት በኋላ ማምለጫ ስላልነበረኝ ቆሜ ተሰደብኩ። የተበላ ምግብ አይመለስም፤ የወጉን መንገድ የያዘ ምግብ ደግሞ ቃል ኪዳን ነው። እህቴ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጮኻ ሲደክማት ተቀመጠችና ጉልበቷን መታች።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። በቃ፣ ሰሌኑ ይነጠፍ። ያቺ ሴትዮ ካልመጣች ግን፣ ኤቢል፣ ከእንግዲህ ፊትሽን አላይም።"

አልፍዮስ ሲሰማ ቦርሳውን አልፈታም። "አክስቴ፣ ካልመጡ ዲሎንግ በሰው ሁሉ ፊት ነው የምታፍረው" አለኝ። ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። የመጨረሻውን ውሃ ስረጭ እንኳ ዲሎንግ አልጮኸችም፤ ያ ከጩኸቷ ይልቅ አስፈራኝ።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። ዲሎንግ በሰሌኑ ላይ እየተራመደች ወጣች፤ ቆዳዋ በእርድ ቢጫ ሆኖ ያበራል፣ አበባ ፀጉሯ ላይ ተሰክቷል። አንድ እጇን ከፍ አድርጋ እንደ ወጉ ቆመች። በእኛ ወገን ሰው ጢም ብሏል፤ ጎደሬው፣ ሸርጣኑ፣ ዓሣው ተከምሯል። በወዲያኛው ወገን አዲስ የተነጠፈ ሰሌን አለ። ሰው የለበትም። አንዲት ዶሮ ወጥታበት ወረደች፤ ከኋላ ያሉት ሴቶች ሳቃቸውን አፈኑ።

መርከቧ ከኮራል አለቱ ወዲያ ቆማለች። እሱን የምትወስደው ትንሽ ጀልባ ማረፊያችን ላይ ታስራ ትጠብቃለች፣ ባሕሩም እየሞላ ነው። አልፍዮስ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ከሰዉ ጀርባ ቆሟል። መርከቧ ጮኸች። ዲሎንግ ዓይኗን ወደ ባሕሩ መለሰች፤ እጇ ግን እንደተነሳ ነው። ሂላሪያ እኔን አላየችኝም፤ ባዶውን ሰሌን ነበር የምታየው። አልፍዮስ ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን አነሳ። ዲራይን ረገምኳት፣ ራሴን ረገምኩ፣ ጎደሬውንም ረገምኩ።

ያን ጊዜ ከታች፣ ከማረፊያው መንገድ፣ የብረት ጎማ ሲንጫጫ ተሰማ።

ዲራይ የአሸዋ ጋሪ እየገፋች ወጣች። ከግንባሯ እስከ እግሯ እርድ ተቀብታለች፣ ወገቧ ላይ የሣር ግልድም አለ። ጋሪው ውስጥ እማማ ፉሚኮ ትራስ ላይ ተቀምጣለች፤ እሷም ቢጫ፣ ፀጉሯም ቢጫ፣ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ ከወገቧ በላይ ትጨፍራለች። ዲራይ በየጥቂት እርምጃው ጋሪውን አቁማ ትረግጣለች፣ ትዞራለች፣ ዳሌዋን ወደ እኛ ወገን ታሽከረክራለች።

"ዞር በሉ!" አለች። "የባል ወገን መጣ! በእግርም መጣ፣ በመኪናም መጣ!"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ የሚስቁባትን ራሷ ካሳቀች ማን ይስቅባታል? ፉሚኮ ግን አልሳቀችም። ቀጭን ድምፅ አወጣች፤ ቤታቸው ሕፃን የሚያባብልበትን፣ ስንት ዓመት የቀለድንበትን ዜማ።

"አናክ" እያለች ዘመረች። "አናክ፣ አናክ፣ የእኛ አናክ።"

ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። የአልፍዮስ ቦርሳ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት መጣ፤ አፉ ተከፍቷል፣ ልጅ ሳለ የጠፋበትን ሰው ድምፅ የሰማ ይመስላል። ዲሎንግ እጇን አላወረደችም። እንባዋ ግን በእርዱ ላይ መንገድ አበጅቶ ይወርዳል።

ዲራይ ጋሪውን ሂላሪያ ፊት አቆመች። ከእናቷ አንገት ላይ ያለውን አሮጌ ቢጫ ዶቃ ፈታችና በመዳፏ ዘረጋችው። ያ ዶቃ ከዚያ አንገት ላይ ወርዶ አይቼ አላውቅም፤ ለቤቱ ያለው እሱ ብቻ ነው። እህቴ ለሹማምንት እንኳ ጎንበስ የማትል ሴት ናት። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች።

"ቤታችሁ ይባረክ" አለች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ባሕር የተፋቸው የሚለው ስም ከዚያ ቀን በኋላ ከአፏ ወጥቶ አልሰማሁም።

"ልጁ የታለ?" አለች ፉሚኮ። "አምጡልኝ።"

አልፍዮስ ጋሪው አጠገብ ተንበረከከ። አሮጊቷ ፊቱን በጣቶቿ ዳሰሰች፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን። የጥንቷ የቤታቸው ሴት ከዚያ ድንጋይ ላይ ሆና የጠበቀቻቸውን ሰዎች ሁሉ በአንድ ፊት ላይ የምትፈልግ ይመስል ብዙ ቆየች።

"ለምን ዘገያችሁ?" አለችው። "ስትጠብቃችሁ ሞተች እኮ።"

መርከቧ ሁለተኛ ጮኸች፤ ወደዚያ ዞሮ ያየ ሰው አልነበረም፣ አልፍዮስም ቢሆን።

አልፍዮስ እጇን ጉንጩ ላይ ይዞ አለቀሰ። "መንገዱ ሩቅ ሆኖብን ነው፣ እማማ" አላት።

"ይሁን። መጣችሁ አይደል" አለች ፉሚኮ። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ እኛ ወገን አዞረችና አሸተተች። "ዓሣው ግን እየቀዘቀዘ ነው።"

ዓይኔን በክንዴ ጠረግሁ። ትልቁን የጎደሬ ቅርጫት አንስቼ፣ አሁን ባዶ እስካልሆነው ሰሌን ድረስ በሰው ሁሉ ፊት ተሸክሜ ሄድኩና ዲራይ እግር ሥር አኖርኩት። በዚህኛው ጊዜ ወዴት እንደማደርሰው አውቅ ነበር።